«ሰፊና»ን እንዴት ሳልናት? በሰው ዓለም ውስጥ የራስን ገጸ ባሕርይ ስለ መፍጠር



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ያሳየነውን ወረቀት አጣጥፎ መለሰልን። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳምንት የለፋንባት ገጸ ባሕርይ ነበረች። «ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለን። ከዚያ ጣቱን ከሥዕሉ ሥር በጻፍነው አንድ ቃል ላይ አድርጎ «ይህን ስም ግን ማን ነገራችሁ?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ የተማርነው ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ከደብተራችሁ ጀርባ ላይ ገጸ ባሕርይ እንደምትስሉ እናውቃለን፤ በየጊዜው «መሳል ይቻላል ወይ? ከቻልንስ ከየት እንጀምር?» የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። ሁለቱንም በየተራ እናያለን፤ ወደ ወንድማችን ጥያቄም እንመለሳለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

አኒሜ የምትከታተሉ «ኦሲ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሌላ ሰው በፈጠረው ዓለም ውስጥ አድናቂው ከራሱ የሚጨምረው፣ በዋናው ታሪክ ውስጥ ያልነበረ ገጸ ባሕርይ ማለት ነው። የናሩቶን መንደር እንዳለ ወስዶ፣ ናሩቶ የማያውቀውን አንድ ጎረቤት መጨመር እንደ ማለት ነው። አድናቂዎች በዚህ መንገድ የሚጽፉት ታሪክ ፋንፊክሽን ይባላል።

«ለምን የራሳችሁን ዓለም አትፈጥሩም?» የሚሉን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሞተርን ከባዶ አይሠራም፤ የሚሠራ ሞተር ይሰጠውና አንድ ክፍል ሠርቶ እንዲገጥምለት ይደረጋል። ካልገጠመ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። የተዋስነው ዓለምም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ስለሚታወቅ የእኛ ሰው ሳይገጥም ሲቀር ራሳችን እናየዋለን።

ከሙስሊም ገጸ ባሕርያት ስሟ በሰፊው የሚነሳው ካማላ ካን ናት። ማርቭል እ.ኤ.አ. በ2014 የራሷን ተከታታይ የሥዕል መጽሔት ሰጣት፤ አርታኢዋ ሳና አማናት፣ ጸሐፊዋ ጂ. ዊሎው ዊልሰን፣ ሠዓሊው አድሪያን አልፎና ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሙስሊሞች ናቸው። ካማላ በኒው ጀርሲ የምትኖር የፓኪስታናውያን ልጅ ናት፤ ኃይል ከማግኘቷ በፊት የምታደንቃቸውን ጀግኖች ታሪክ ራሷ እየጨመረች የምትጽፍ ልጅ ናት። ማለትም ፋንፊክሽን ጸሐፊ ናት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ብስራት ደበበ ያቀረበው «ጀምበር» አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ የሥዕል መጽሔት ነው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ይህን ስናነብ ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚህ ግቢ ወጥቶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ያልቆመ ማን አለ? አንባቢው ጀግናውን የሚያምነው ኃይሉን ስላየ ብቻ አይደለም፤ ችግሩንም ስለሚያውቀው ነው። ይህን እንያዝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

መሳሉስ እንዴት ይታያል?

ይህን ዘልለን ማለፍ አንችልም። መድረሳ የተማርን ሁሉ ነፍስ ያለውን ፍጡር ስለሚስሉ ሰዎች የመጡትን ከባድ ሐዲሶች በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ እናውቃቸዋለን። ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችን በፊት ወደ ኡስታዛችን ሄድን። የነገሩንን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አብዛኞቹ የቀደሙት ዑለማዎች የሰውንና የእንስሳን ሙሉ ምስል መሥራት ከልክለዋል፤ ኢማም ነወዊይ በሙስሊም ማብራሪያቸው በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ከማሊኪያ መካከል ጥላ የሌለውን፣ በወረቀትና በጨርቅ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ምስል ሐራም ሳይሆን መክሩህ ነው ያሉ አሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር የሚነግረውን ሐዲስ ይዘው ለልጆች የሚሠራውን ነጥለው ያዩ አሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በሥዕል ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል መክረውታል። ብዙ ፉቀሃዎች ደግሞ ራስ የሌለው ወይም ያለ እሱ መኖር የማይቻልበት አካል የጎደለው ምስል በክልከላው ውስጥ አይገባም ብለዋል። በዘመናችንም ለትምህርት በሚሠሩ የካርቱን ሥዕሎች ላይ ዑለማዎች አልተስማሙም።

እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ይህ ጽሑፍም ፈትዋ አይደለም። ኺላፍ ባለበት ነገር ሁሉም የሚተማመንበትን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ የወሰንነው ሁላችንንም የሚያስማማውን ነው፤ ፊት አንስልም። ገጸ ባሕርያችን ከጀርባ፣ ወይም ከአንገት በታች፣ ወይም እጇ ብቻ ትታያለች። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ሰው ጨርሶ አይስልም፤ ጀልባውን፣ ደንገሉንና ውሃውን የሚስለው እሱ ነው። መጀመሪያ ይህ ገደብ ሥራችንን የሚያበላሽብን መስሎን ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠቀመን። ፊት ሲከለከል «ቆንጆ ዓይን ሳልኩላት፣ አለቀ» ማለት አይቻልም፤ ማን እንደሆነች በአቋሟ፣ በልብሷና በምትሠራው ሥራ ማሳየት ግድ ይሆናል።

የዓለሙን ሕግ ማወቅ

የመረጥነው ዓለም የ«አቫታር» ነው፤ ሰማያዊ ሰዎች ያሉበትን ፊልም ማለታችን አይደለም፤ ማይክል ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒዬትዝኮ የፈጠሩትን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 የታየውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። በዚያ ዓለም አራት ሕዝቦች አሉ፤ የውሃ፣ የምድር፣ የእሳትና የአየር። ከየሕዝቡ አንዳንዱ ሰው የሕዝቡን ነገር በአካል እንቅስቃሴ ማዘዝ ይችላል። እንቅስቃሴው ከእውነተኛ የቻይና ማርሻል አርት የተወሰደ ነው፤ የውሃው ከታይ ቺ ነው፤ ክብደትን ቀስ ብሎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሸጋገር።

ገጸ ባሕርይ የሚጨምር ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የዓለሙን ሕጎች በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። የእኛ ገጽ ላይ እነዚህ ነበሩ፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዝዘው፤ የውሃ ሰዎች ሙሉ ጨረቃ ሲወጣ ይበረታሉ፤ በረግረግ ውስጥ የሚኖሩ የውሃ ሰዎች አሉ፤ እነሱም በውሃው ጀልባቸውን ይገፋሉ፣ በተክል ውስጥ ያለውን ውሃ በማዘዝ ተክሉን ራሱን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የመጨረሻው ሕግ ዓይናችንን ሳበው። ጀልባ፣ ረግረግ፣ ተክልና ውሃ፤ ሁሉም ከመስኮታችን ማዶ አለ።

ሕጎቹን ስንጽፍ ግን ሁለት ከዐቂዳችን ጋር የማይሄዱ ነገሮች አጋጠሙን። አንደኛው፣ ዋናው ጀግና ከሞት በኋላ በሌላ ሰው እየተወለደ የሚመለስ መሆኑና መናፍስት የሚለመኑበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ኢስላም የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ካማላ ካን የምትኖረው በእኛው ዓለም ስለሆነ መስጊድ ትሄዳለች። የእኛ ልጅ ግን ቂብላ በሌለበት ዓለም ወዴት ዞራ ትሰግዳለች? ረጅም ተከራከርን። መካ የሌለበት ዓለም ላይ ከራሳችን ነቢይና ወሕይ መፍጠር ከልብ ወለድ ያለፈ አደጋ እንዳለው ተስማማን። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን አኽላቁን ይዛ እንድትገባ ወሰንን፤ አካሏን ትሸፍናለች፣ መናፍስትን አትለምንም፣ ውሃ አታባክንም፣ ጭነት ስትቆጥር አታጎድልም። አንባቢው ሙስሊም ከሆነ ይለያታል፤ ካልሆነም ጥሩ ሰው መሆኗን ያያል።

ስሟን «ሰፊና» አልናት። በዐረብኛ መርከብ ማለት ነው። በመድረሳ «ሰፊነቱ ነጃ»ን የቀራ ሰው ከየት እንዳመጣነው አይጠፋውም።

የተሳሳትነው

የመጀመሪያዋ ሰፊና ይህን ትመስል ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥቁር ካባ በነፋስ ይውለበለባል። በጀርባዋ ሰይፍ አለ። እጇን ስታነሳ ጣና በሙሉ ይነሳል። ከሥሯ ደግሞ በደማቅ ቀለም ጻፍን፤ ሰዎች ታንኳ የሚሠራውን የሐይቁን ማኅበረሰብ የሚጠሩበትን ስም፣ ቀጥሎም «የጠፋው ጎሳ የመጨረሻዋ ልጅ» የሚል።

ቃሉን እዚህ ደግመን አንጽፈውም፤ ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ እንደ ጎሳ መጠሪያ እንጂ እንደ ስድብ አላሰብነውም ነበር። በመጀመሪያው አንቀጽ ያነሳነው ወንድማችን ግን ያን ቃል በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ እየተጠራበት ነው ያደገው። ለሁለት ዓመት በአንድ ሶፍ ስንሰግድ ከዚያ ማኅበረሰብ መሆኑን አናውቅም ነበር። ወረቀቱን ሲመልስልን ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ደግሞ አልጠፋንም። እናቴ ዛሬ ጠዋት ደውላልኛለች» አለን።

ስለ ማኅበረሰቡ የምናውቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ገባን። ራሳቸውን «ነገደ» ብለው ይጠራሉ። ሙስሊሞች ናቸው። በጣና ዳር ለብዙ ዘመን የኖሩ፣ ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ የእህል ወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ከደንገልና ከሣር ዕቃ የሚሰፉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። የጉማሬው አደን ከቀረ ቆይቷል፤ ማራቁ ግን ከአደኑ ጋር አብሮ አልቀረም። ይህን ያደረገው ሌላው ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመውቀስ ቀላል ነበር። እኛም «ሙእሚኖች ወንድማማቾች ናቸው» እያልን ስናስተምር የኖርን አድርገነዋል።

ስለዚህ ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ ለምትፈጥሩ የመጀመሪያ ምክራችን ይህ ነው፤ ከእውነተኛ ሰዎች የተወሰደ ነገር ካለባት፣ ከመሳላችሁ በፊት እነዚያን ሰዎች ጠይቁ። በራሳቸው ስም ጥሯቸው። «የጠፋ»፣ «ምስጢራዊ»፣ «የመጨረሻ» የሚሉ ቃላት ታሪክን ያሳምራሉ፤ በሕይወት ላለ ጎረቤት ግን የመቃብር ጽሑፍ ናቸው።

ከደንገሉ እንደገና መጀመር

ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ ወንድማችን ራሱ ታንኳ ወደሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ወሰደን። «አባባ፣ እነዚህ ልጆች ስለ ታንኳ ሊጠይቁ ነው» አላቸው። አባባ የቀድሞዋን ሰፊና አንድ ጊዜ አይተው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን ካባ ለብሳ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ማን ያወጣታል?»

ከዚያ ሥራቸውን አሳዩን። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ተደራርበው አንድ ላይ ይጠፈራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው ከኋላ ሆኖ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። በእንዲህ ያለ ታንኳ ነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ሲጫን የኖረው።

ለምን ይንሳፈፋል? የደንገል ግንድ ውስጡ ስፖንጅ ይመስላል፤ ሲደርቅ ያ ቦታ በአየር ይሞላል። የአርኪሜድስን ሕግ ሁላችንም ተምረናል፤ ታንኳው የሚገፋው ውሃ ክብደት ከራሱና ከጭነቱ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውሃ ቀስ በቀስ እየገባ የአየሩን ቦታ ይወስዳል። ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ የሚሸከመውም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ የሚደረገው። ያም ሆኖ ጊዜ ሲያልፍ ይበሰብስና አዲስ ይሠራል። እያንዳንዱ ታንኳ ውሃ ላይ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ ጊዜው እየቆጠረ ነው።

የሰፊና ኃይል ከዚህ ተወለደ። ጣናን አታነሳም። በደንገል ውስጥ የገባውን ውሃ ታስወጣለች፤ ይኸው ነው። በዓለሙ ሕግ ይፈቀዳል፤ የረግረጉ ሰዎች በተክል ውስጥ ያለን ውሃ ያዝዛሉ ብለናልና። ገደቧም አለ። ታንኳውን በእጇ መንካት አለባት፣ ከአንድ ታንኳ በላይ አትችልም፣ ስትደክም ውሃው ይመለሳል። ትንሽ ኃይል ነው። ነገር ግን ጭነት ይዞ ከሐይቁ መካከል ለደረሰ ሰው ታንኳው አለመክበዱ ሕይወት ነው። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉን ያየ ያውቃል።

ጀግና ደግሞ የሚገጥማት ነገር ያስፈልጋታል። እኛ ጋር ክፉ ንጉሥ መፈለግ አላስፈለገም፤ እምቦጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተነገረለት ይህ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ውሃውን ሸፍኖ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ ዘግቷል። «ሰፊና ውሃውን ከእምቦጩ አውጥታ ታድርቀው!» አልን፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነውና። እዚህ ላይ ባዮሎጂ የሚያጠና ወንድማችን አስቆመን። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የላዩን ብታደርቁት ከታች እንደገና ይበቅላል። የተቆረጠው ቁራጭም ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይራባል። ስለዚህ በታሪካችን ሰፊና ብቻዋን አታሸንፍም። ገበሬዎቹ አረሙን ከማበቡ በፊት ነቅለው ወደ ዳር ያወጣሉ፤ እሷ ታንኳዎቻቸው እንዳይከብዱ በየተራ ትነካለች። ጀግንነቷ ከሰው ጋር መሥራቷ ላይ ነው። በኃይል ብቻ የማይፈታ ችግር ለገጸ ባሕርይ ከሁሉ የበለጠ ስጦታ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው መሆኗ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

አሳሳሉ

አሁን ወደ እርሳሱ። እኛ የሄድንበትን ቅደም ተከተል እናስቀምጥላችሁ። ኤችቢ እና ቱቢ እርሳስ፣ ላጲስና የፎቶኮፒ ወረቀት ይበቃሉ። በስልክ መሥራት የሚፈልግ አይቢስ ፔይንትን፣ ኮምፒውተር ያለው ደግሞ ክሪታን ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል።

አንደኛ፣ ጥላዋን ብቻ ሳሉ። በእርሳስ ጥቁር አድርጋችሁ ሙሉት፣ ምንም ዝርዝር አታስገቡ። ያን ጥላ ያየ ሰው ከሌላ ገጸ ባሕርይ ሊለያት ካልቻለ ዝርዝር ቢጨመርም አትለይም። የሰፊና ጥላ ሦስት ነገር ነው፤ ረጅሙ ዘንግ፣ የታንኳው የተቀለበሰ አፍንጫና በወገቧ የታሰረው ቀሚስ።

ሁለተኛ፣ አቋሟን ከሥራዋ ውሰዱ። የቆመ ሰው አትሳሉ፤ የሚሠራ ሰው ሳሉ። ቀዛፊን አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን አየን። ዘንጉ በግራ ሲገባ ክብደቱ በቀኝ ዳሌ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ልክ እንደ ታይ ቺው ነው! በወንበር ላይ ተቀምጠን አስበን ቢሆን አናገኘውም ነበር።

ሦስተኛ፣ ልብሷ ይሥራ። ከአባባ ጥያቄ በኋላ ካባውን ጣልነው። አሁን ሰፊ ሱሪ፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ፣ ሂጃቧም ከአገጯ ሥር ተጠቅልሎ ከኋላ የታሰረ ነው። ነፋስ አይገባበትም፣ ዘንጉም አይጠላለፍበትም። የጨርቅ እጥፋት ስትስሉ ጨርቁ ከየት እንደተያዘ ፈልጉ፤ እጥፋቱ ሁሉ ከዚያ ነጥብ ይነሳል። እህቶቻችን እዚህ ላይ ብዙ አርመውናል፤ የመጀመሪያው ሂጃባችን «ከራስ ላይ የተጣለ ፎጣ» ይመስል እንደነበር ነገሩን። ልክ ነበሩ።

አራተኛ፣ እጅን ተማሩ። ፊት ስለማንስል ስሜቷን የሚናገረው እጇ ነው። በከተማችን አካባቢ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ ሕግ አለው፤ ደጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት ይሳላሉ፣ ክፉዎቹ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ከጎን ይሳላሉ። ያን ሕግ የሚያውቅ ተመልካች ሳይነገረው ይለያቸዋል። የጎረቤቶቻችን ሕግ የእኛ አይደለም፤ ነገር ግን ሥዕል የራሱ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው አስተማረን። የእኛን አወጣን፤ ሰፊና ስትፈራ አውራ ጣቷ በመዳፏ ውስጥ ይደበቃል፣ ስትረጋጋ ጣቶቿ በደንገሉ ላይ ይዘረጋሉ። ከየገጹ ይህን ብቻ እንጠብቃለን።

አምስተኛ፣ ቀለም ከሦስት አትብዛ። የደረቀ ደንገል ቢጫ፣ ከርብና ከጉማራ ደለል የሚመጣው የውሃው ቡናማ፣ ለሂጃቧ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ። ጣናን የባሕር ሰማያዊ አድርጋችሁ አትቀቡት፤ በክረምት መጨረሻ ወጥታችሁ እዩት።

ስድስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ሰብስቡ። ከጀርባ፣ ከጎን፣ ሁለት እጅ፣ ልብስ፣ ታንኳ፣ ቀለሞቹ፣ ከዚያም ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ምን ትፈልጋለች? ምን ትችላለች? ምን አትችልም? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ገጸ ባሕርይዋ ገና አልተወለደችም።

አማና

በሰው ዓለም ውስጥ እንግዳ ነን። ስለዚህ በየገጹ የዓለሙን ባለቤቶች ስም እንጽፋለን፣ ሥራውን አንሸጥም፣ የሌላ አድናቂ ሥዕል ላይ ወረቀት ደርበን ገልብጠን «የእኔ ነው» አንልም። ከሰው የሰማነውን ስናስገባም ፈቃዱን እንጠይቃለን። አባባ «ስሜን አትጻፉ፣ ቋጠሮውን ግን በትክክል ሳሉት» ብለውናል፤ ሁለቱንም ለመጠበቅ ሞክረናል። ጊዜም አማና ነው፤ ሥዕል ሶላትን ካሳለፈ ወይም ፈተናን ካስጣለ እርሳሱ ይቀመጥ።

አዲሱን ገጽ ለወንድማችን ስንሰጠው ስሟ ብቻ ነበር ከሥሩ የተጻፈው፤ ሌላ ምንም። ረጅም ጊዜ አየው። እርሳስ ጠየቀና በታንኳው አፍንጫ ላይ ያለውን አንድ ቋጠሮ አረመልን፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር የጠመዘዝነው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እናቱ ጋር ሲሄድ ሊያሳያት እንደሆነ ነገረን።

እናንተም የሠራችሁትን ይዛችሁ ኑ። ከጁሙዓ ቀን ዐስር ሶላት በኋላ በተለመደው ቦታ እንገናኛለን ኢንሻአላህ። መሳል የማይፈልግ ታሪኩን ይጻፍ፣ መጻፍ የማይፈልግ ውሃና ደንገል ይሳል። ከስህተታችን የምታርሙን ካላችሁ ደግሞ አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ።